ስልኩ የጮኸው ዳሪሙ፣ ክሱ የተከፈተው ሆላንድ!

‹‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር›› ይላል ያገራችን ሰው። ግሩም ተረት ነው። ችግሩ እስካሁን በወጉ ሲያብር ያየነው የወሮበሎቹ ድር መሆኑ ነው። ደላላው መንደር ውስጥ፣ አሻጋሪው ጠረፍ ላይ፣ አጋቹ ሊቢያ፣ ገንዘብ ተቀባዩ አዲስ አበባ፣ አለቃው ደግሞ ዱባይ ተቀምጠው ያለ ስብሰባ፣ ያለ አበል፣ ያለ ጋራ መግለጫ ሥራቸውን ያቀላጥፉታል። ቋንቋ አይለያቸውም፤ ድንበር አያግዳቸውም። መንግሥታቱ ግን ባማረ ሆቴል ተሰብስበው ተጨባብጠው፣ ፎቶግራፍ ተነስተው፣ ‹‹በትብብር መሥራት እንደሚገባ ተስማምተናል›› ብለው ይለያያሉ። እስኪስማሙ ድረስ ስንቱ ልጅ በረሃ ላይ እንደቀረ የሚቆጥር የለም።

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት መንግሥታት ድንበር ዘለል ወንጀልን በጋራ እንዋጋ እያሉ ስለሚፈራረሙት ነገር ነው። ‹‹ይኼማ የዲፕሎማቶች ወሬ ነው›› ብለው ገጹን እንዳይገልጡብኝ አደራ። ነገሩ በሬውን ሸጦ፣ ቡናውን በዛፉ ላይ እንዳለ አስይዞ ልጁን ስለሚዋጅ ገበሬ ነው። ነገሩ መቱ፣ ጎሬ፣ በደሌ፣ ዳሪሙ ውስጥ በሌሊት ስለሚጮኽ ስልክ ነው።

እስኪ ከሥሩ እንነሳ።

ኪዳኔ ዘካርያስ ሀብተማርያም የሚባል ኤርትራዊ አለ። ተወልደ ጎይቶም የሚባል ሌላም አለ፤ የወንጀል ዓለም ስሙ ‹‹ወሊድ›› ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በሊቢያ፣ በተለይም በበኒ ወሊድ ከተማ፣ ወደ አውሮፓ እንሻገራለን ብለው የወጡ ኤርትራውያንን፣ ኢትዮጵያውያንንና ሶማሌዎችን በመጋዘን አጉረው ያሰቃዩ ነበር። ዘዴው የታወቀ ነው። ስደተኛው ይደበደባል፣ በኤሌክትሪክ ይጠበሳል፣ በቀለጠ ላስቲክ ይቃጠላል። ያኔ ስልክ ይደወላል። ጩኸቱን እናት እንድትሰማው ይደረጋል። ‹‹ይኼን ያህል ሺህ ዶላር ካልላካችሁ ሬሳውን ነው የምታገኙት›› ይባላል። አንዱ ቤተሰብ ከከፈለ በኋላ ልጁ ለሌላ አጋች ተሸጦ ዋጋው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ኪዳኔ አዲስ አበባ ውስጥ ተያዘ። ያስያዘው ሳተላይት አይደለም፤ የባሕር ማዶ ሰላይም አይደለም። ከእጁ የተረፈ አንድ ወጣት መንገድ ላይ አይቶ፣ መልኩን ለይቶ፣ ለፖሊስ ጠቁሞ ነው። ወሊድም በዚያው ዓመት እዚሁ ከተማ ታሰረ። ሁለት የዓለም አውራ ወንጀለኞች በአንድ ዓመት ውስጥ በኛ እጅ ገቡ ማለት ነው። ማንም አገር ያላገኘው ዕድል ነበር።

ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ኪዳኔ ለችሎት በቀረበበት ፍርድ ቤት አመለጠ። መጸዳጃ ቤት ገብቶ ልብስ ለውጦ ውልቅ አለ ተብሎ ተዘገበ። ጉድ በል ሀገር! ዳቦ የሰረቀ ጎረምሳ ካቴና ታስሮ በሁለት ፖሊስ በሚነዳበት አገር፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያስለቀሰ ሰው ልብስ ለውጦ ይወጣል። ካመለጠ በኋላ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ደግሞ መንግሥታት ከልባቸው ሲተባበሩ ምን እንደሚቻል ያሳያል። ኢንተርፖል በሆላንድና በኢትዮጵያ ጥያቄ በሰውየው ላይ የቀይ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ፖሊስ ከኢንተርፖል ጋር ሆኖ ዱካውን ያዘ። ዱካው የተገኘው በቅርብ ዘመዱ አጠራጣሪ የገንዘብ ዝውውር ነበር። በጃንዋሪ 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ኪዳኔ ሱዳን ውስጥ ተያዘ። በኛ ፍርድ ቤት 18 ዓመት የተፈረደበት ወሊድ ደግሞ ቀደም ብሎ በኦክቶበር 2022 ለሆላንድ ተላልፎ ተሰጥቶ ዝዎለ በምትባል ከተማ ዳኞች ፊት ቆመ።

ጥሩ ነው። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ሰው ለበላ አውሬ ወጥመድ የዘረጋ ሁሉ ምስጋና ይገባዋል። ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። ለመሆኑ ሆላንድ ምን ቤት ናት? ወንጀሉ የተፈጸመው ሊቢያ በረሃ ላይ ነው። ወንጀለኞቹ ኤርትራውያን ናቸው። የተያዙት አዲስ አበባና ሱዳን ነው። የሆላንድ አቃቤ ሕግ በየትኛው ሥልጣኑ ነው ፋይል የከፈተው?

መልሱ ቀላልና አስተማሪ ነው። ሆላንድ ውስጥ የሚኖሩ ኤርትራውያን ስልክ ተደውሎላቸዋል። የወንድማቸውን፣ የእህታቸውን ጩኸት እዚያው በሆላንድ ምድር ሰምተዋል። ገንዘቡን ከዚያው ከሆላንድ ከፍለዋል። የሆላንድ መንግሥትም ‹‹በኔ አገር የሚኖር ሰው በስልክ ተዘርፏል፤ ስለዚህ ወንጀሉ የተፈጸመው በኔም ግዛት ነው›› አለ። ነገሩ ይኼው ነው። ስልኩ የጮኸበት ቤት የወንጀሉ ሥፍራ ነው አለ። ከዚያ ተነስቶ አገር ለአገር አስፈለገ፣ አስያዘ፣ ተረከበ።

እንግዲህ ልጠይቅ። ስልኩ የጮኸው ሆላንድ ብቻ ነው እንዴ? መቱ አልጮኸም? በደሌ አልጮኸም? ዳሪሙ አልጮኸም? እዚያ የተሰማው የእናት ዋይታ የወንጀል ሥፍራ ለመባል ምን ጎደለው? ቤቱ የሣር ክዳን ስለሆነ ነው?

ወሬ ከሰማ ሰው ተነስቼ አይደለም የምጽፈው። በቡና ለቀማ ወቅት ወደ ኢሉባቦር ወርጄ ነበር። ዳሪሙ ላይ አንድ አባት አገኘሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ልጃቸው አሁንም በአጋቾቹ እጅ ነው። ልጁ በደላላ ተሰብኮ በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ፣ ከዚያ ሊቢያ ላይ መታገቱን በስልክ ነው የሰሙት።

‹‹ለመንግሥት አላመለከቱም ወይ፣ ኦቦ?›› አልኳቸው።

‹‹አመለከትኩ እንጂ ልጄ። ‘አባባ፣ ልጅዎ የታገተው ሊቢያ ነው፤ ይኼ ከኛ አቅም በላይ ነው’ አሉኝ። እኔ ደግሞ ሊቢያ ሂዱልኝ አላልኳቸውም። ገንዘቡን አስገባ የተባልኩበት የባንክ ቁጥር እዚሁ እጄ ላይ አለ። ቁጥሩን ስጡኝ እንኳ ያለኝ የለም።››

ከዚያ የትንሿ ልጃቸውን የትምህርት ደብተር አወጡ። በጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈ የስልክ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለበት። ሒሳቡ የሊቢያ ባንክ ሒሳብ አይደለም። የኛው ባንክ ነው። ስሙ የኛው አገር ሰው ስም ነው። ብር ነው የሚገባበት። በሬውን ሸጠው፣ የዓመቱን ቡና ሳይለቀም በግማሽ ዋጋ ለነጋዴ አሳልፈው የመጀመሪያውን ዙር ያስገቡት እዚያ ነው።

አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዓለም አቀፍ ትብብር፣ የመረጃ ልውውጥ፣ የጋራ ግብረ ኃይል እየተባለ በየአዳራሹ የሚነገርለት ማስረጃ ዳሪሙ ውስጥ በአንዲት የተማሪ ደብተር ጀርባ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። የሚያነሳው ጠፋ። ኪዳኔን ሱዳን ድረስ ያስያዘው የገንዘብ ዱካ መሆኑን አስታውሱ። ያ ዱካ መጀመሪያ የሚታተመው ከእንዲህ ዓይነቱ ቤት ደጃፍ ነው።

የገንዘቡ መንገድ ምስጢር እንዳይመስላችሁ። ሐዋላ ነው። ገበሬው ብር ያስገባል። ያስገባው ብር ድንበር አይሻገርም። አዲስ አበባ ያለው ተቀባይ ብሩን ይይዛል፤ ሊቢያ ወይም ዱባይ ያለው ሸሪኩ ደግሞ ልኩን በዲናር ወይም በድርሃም ለአጋቹ ይከፍላል። አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ በዚያ ብር ዕቃ ነግዶ፣ ቤት ሠርቶ፣ ሒሳቡን ያወራርዳል። ስለዚህ የኢሉባቦር በሬና ቡና ሊቢያ አልሄደም፤ እዚሁ አለ። ምናልባትም ባለፎቅ ሆኖ ቆሟል። ይኼን ለመያዝ የጦር መርከብ አያስፈልግም። የባንክ ሥራ አስኪያጅና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይበቃል።

አቅም የለንም የሚሉን ሰዎች ደግሞ አቅም ሲፈልጉ እንዴት እንደሚያገኙ እናውቃለን። የኢሉባቦር ሰው ቡናውን ያለ መሸኛ ይዞ ይንቀሳቀስ እስኪ! ኬላ ላይ ይቆማል፤ ጆንያው ይቆጠራል፤ ይመዘናል፤ ይወረሳል። ለቡና ኬላ አለ፣ ተቆጣጣሪ አለ፣ ሚዛን አለ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቀን፣ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት የሞላቸው ልጆች በሚኒባስ ታጭቀው ያልፋሉ። ‹‹እናንተ ልጆች፣ የት ነው የምትሄዱት? ማን ነው የሚወስዳችሁ?›› ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቡና የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፤ ልጅ ግን ምን ያመጣል? ፈረንካው ያለው ጆንያው ውስጥ ነው መሰለኝ።

አገሩ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1902 ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ባደረጉት ውል ጋምቤላ ላይ የንግድ ሥፍራ ካገኙ በኋላ የኢሉባቦር ቡና በባሮ ወንዝ እየተጫነ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። ጎሬ ላይ የእንግሊዝ ቆንሲል ተቀምጦ ነበር። በዚያው ዘመን በደቡብ ምዕራቡ ጠረፍ ሰው እየተፈነገለ ይሸጥ ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 እ.ኤ.አ. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ከገባችባቸው ግዴታዎች አንዱ የባሪያ ንግድን ማስቀረት ነበር። ጄኔቭ ላይ ተፈረመ። የማጂና የጊሚራ ሰው ግን በፊርማው ማግስት ነፃ አልወጣም። በ1924 እና በ1931 እ.ኤ.አ. አዋጆች ወጡ፤ የባሪያን ነገር የሚያዩ ዳኞች እየተሾሙ ወደ ክፍለ ሀገር ወረዱ፤ ነገሩ ቀስ በቀስ ጥርስ ያወጣው ያኔ ነው። የውጭ ውል የመንደር ዳኛ ካላገኘ ወረቀት ነው። ያኔም እንዲሁ ነበር፤ አሁንም እንዲሁ ነው።

ወረቀትስ ሞልቶን የለ! የተባበሩት መንግሥታት ድንበር ዘለል የተደራጁ ወንጀሎችን ለመከላከል ያወጣው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2000 ጸድቆ ጣሊያን አገር ፓሌርሞ ላይ ለፊርማ ቀረበ። ኢትዮጵያ ፈረመች፤ በ2007 እ.ኤ.አ. አጸደቀችው። በሰው መነገድንና ስደተኞችን ማሻገርን የሚመለከቱትን ሁለቱን ፕሮቶኮሎች በ2012 እ.ኤ.አ. ተቀበለች። እዚህ አገር ቤትም አዋጅ ቁጥር 909/2007 ወጣ፤ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወጣ። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ወንጀል የወለደውን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 780/2005 ወጥቶ ነበር። አዋጅ ቢበላ ኖሮ አገሩ ሁሉ ጠግቦ ባደረ ነበር።

የፓሌርሞው ስምምነት ውስጥ ጥቂት ሰዎች የሚያነቡት አንድ አንቀጽ አለ። አንቀጽ 14 ነው። ከወንጀለኞች የተወረሰ ሀብት በጠያቂው አገር በኩል ለተጎጂዎች ካሳ እንዲውል አገሮች ቅድሚያ ሰጥተው እንዲያስቡበት ይላል። አንቀጽ 24 ምስክር ይጠበቅ ይላል። አንቀጽ 25 ተጎጂ ይረዳ፣ ካሳ የሚያገኝበት ሥርዓት ይዘርጋ ይላል። መንግሥታት ሲተባበሩ የምናየው ግን አንቀጽ 16 ላይ ነው፤ ወንጀለኛ አሳልፎ መስጠት። ወንጀለኛው ይተላለፋል፤ ካሳው አይተላለፍም። ሰውየው አውሮፕላን ይሳፈራል፤ የገበሬው በሬ የትም አይሳፈርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይዛነፍብኝ። ‹‹ለምን አሳልፈን ሰጠን?›› ባይ አይደለሁም። ወሊድ ኢትዮጵያዊ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አሳልፎ መስጠትን የሚከለክለው ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ነው፤ ዜጋው እዚሁ ይዳኛል ይላል። እንዲያውም ኪዳኔ ካመለጠ በኋላ ሌላው ጠንከር ያለ በር ወዳለው እስር ቤት መሄዱ ሳይሻል አይቀርም። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። አሳልፈን ስንሰጥ ምን ጠየቅን? ለኢትዮጵያውያን ተጎጂዎች የምስክርነት ቃል በዚያ ችሎት ይሰማ አልን? ገንዘቡ ሲገኝ ድርሻችን ይታወቅ አልን? ወይስ ‹‹እንኳን ደህና ተገላገልን›› ብለን እጃችንን አራገፍን?

ትብብር ሲባል ደግሞ ጥድፊያ ማለት እንዳልሆነ የሚያስተምር ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሱዳን፣ ጣሊያንና እንግሊዝ ተባብረው ‹‹ጄኔራሉ›› እየተባለ የሚጠራውን መድኃኔ ይሕደጎ መረድ የተባለ ኤርትራዊ የሰው አሻጋሪ ያዝን ብለው ለዓለም አበሰሩ። ከካርቱም ወደ ሮም ተወሰደ። የቴሌቪዥን ካሜራ ተደገነ። ወዲያው ግን የሚያውቁት ሰዎች ‹‹ኧረ ይኼ እሱ አይደለም!›› ብለው ጮኹ። የተያዘው በስም የሚመሳሰለው አንድ ምስኪን ስደተኛ ነበር። ይኼን የፓሌርሞ ፍርድ ቤት እስኪያምን ድረስ ሦስት ዓመት ፈጀ፤ ልጁ የተለቀቀው በጁላይ 2019 ነው። ስምምነቱ የተፈረመባት ያችው ፓሌርሞ! ሦስት መንግሥታት ተባብረው የተሳሳተ ሰው አሰሩ። ለምን? ስደተኛውን ራሱን፣ የተጎዳውን ሰው የጠየቀ ስላልነበረ ነው። ኪዳኔን አዲስ አበባ ላይ የለየው ግን ተጎጂ ነው፤ አልተሳሳተም። ትልልቆቹ መንግሥታት በመሣሪያቸው ተሳሳቱ፤ ከሞት የተረፈው ልጅ በዓይኑ አልተሳሳተም። ከዚህ የበለጠ ምን ትምህርት ይፈለጋል?

መቼም ‹‹ጋዜጠኛ ሁልጊዜ መንግሥትን ይወቅሳል›› የሚል አይጠፋም። ‹‹ሊቢያ ውስጥ የሚያናግሩት መንግሥት እንኳ በወጉ የለም፤ ድኻ አገር ምን ታድርግ?›› ይሉናል። እውነት አለው፤ ሊቢያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በታጣቂዎች ተቀራምታለች። ‹‹ልጆቹስ በገዛ ፈቃዳቸው አይደል የሚሄዱት?›› የሚሉም አሉ። በገዛ ፈቃዱ የወጣ ልጅ በገዛ ፈቃዱ በኤሌክትሪክ አልተጠበሰም። ሥራ አጥቶ፣ የቡና ዋጋ ወድቆበት፣ መሬቱ ለወንድማማች አልበቃ ብሎት መውጣቱ ጥፋት ከሆነ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። ሊቢያን በተመለከተ ግን መልሴ አጭር ነው። በኒ ወሊድ ሂዱ ያለ የለም። መቱ ሂዱ ነው የምንለው።

ደግሞ ነገሩ የሊቢያ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ወንድሞቻችን በሊቢያ ምድር በአይሲስ እጅ ሲታረዱ አገር በሞላ አለቀሰ። ከዚያ በፊት በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ተጠርዘው ተመለሱ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በየመን አብያን ባሕር ዳርቻ ጀልባ ተገልብጦ በአሥሮች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አለቁ። ሁልጊዜ ይለቀሳል፤ ሁልጊዜ ‹‹ሕገ ወጥ ደላሎችን እንታገላለን›› የሚል መግለጫ ይወጣል። አርባው ሲወጣ ደላላው ሲጋራውን ለኩሶ ወደ ሥራው ይመለሳል። የምስራቁም፣ የሰሜኑም፣ የምዕራቡም መንገድ የሚጀምረው ከአንድ ሰው ነው፤ ሠፈሩ ከሚያውቀው፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ ከማይጠፋው ደላላ።

እንግዲህ ወቀሳ ብቻ አልተውም። እኔ የምለው ይኼን ነው።

አንደኛ፣ የማስለቀቂያ ስልክ የተደወለበት ቤት የወንጀል ሥፍራ ይባል። ‹‹የታገተው ሊቢያ ነው›› ብሎ አመልካችን የሚመልስ ጣቢያ ይጠየቅ። በየዞኑ ፖሊስ ቢያንስ አንድ ጠረጴዛ ለዚህ ይሰየምና የስልክ ቁጥሩን፣ የባንክ ሒሳቡን፣ የደላላውን ስም ተቀብሎ ፋይል ይክፈት። ሆላንዶች ያደረጉት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡ ይታገድ። የገንዘብ ዝውውርን የሚከታተል መሥሪያ ቤት አቋቁመናል፤ ሕግም አውጥተናል። ከዳሪሙ፣ ከመቱ፣ ከጅማ፣ ከወሎ በተለያየ ሰው ስም ያንኑ ያህል ብር በየሳምንቱ የሚገባበት ሒሳብ ለባንኩ ባለሙያ ሊሰወር አይችልም። ለቡና ጆንያ የተሰጠው ትኩረት ሩቡ ለዚህ ይሰጥ።

ሦስተኛ፣ ምስክር ይጠበቅ። በበኒ ወሊድ ቆዳው የተቃጠለ ልጅ አዲስ አበባ ችሎት ላይ ቆሞ ጣቱን ሲቀስር፣ ማታ ቤቱ የሚገባው ማን እየጠበቀው ነው? የጥበቃ አዋጁ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ለባለሥልጣን የሚመደበው አጃቢ ለአንድ ምስክር የማይገኝ ከሆነ አዋጁን ለጌጥ ነው ያወጣነው።

አራተኛ፣ በር ይዘጋ! ይኼን መጻፍ ራሱ ያሳፍራል። ትልቅ ወንጀለኛ በፍርድ ቤት መጸዳጃ በኩል የሚወጣበት አገር ማንንም ‹‹ተባበረኝ›› ለማለት አንገቱን ቀና አያደርግም። ማን አጀበው? ማን ልብስ አቀበለው? ማንስ ዓይኑን ጨፈነ? የምርመራው ውጤት እስከ መጨረሻው ለሕዝብ በይፋ ይነገር። ሕዝቡ ሒሳብ የማወራረድ መብት አለው፤ የከፈለው እሱ ነውና።

አምስተኛ፣ አሳልፈን ስንሰጥ እንጠይቅ። ወንጀለኛ የሚረከበን መንግሥት የኢትዮጵያውያን ተጎጂዎችን ቃል እንዲሰማ፣ ሀብት ሲወርስም አንቀጽ 14ን እንዲያስታውስ በጽሑፍ እንጠይቅ። አገር ቤት ለተጎጂዎች የሚሆን ፈንድ እንዲቋቋም በ2007ቱ አዋጅ ተጽፎ ነበር። ፈንዱ ወደ ዳሪሙ የሚወርድበት መንገድ ይሠራለት።

ስድስተኛው ለኛው ለሕዝቡ ነው። ደላላውን እናውቀዋለን። ‹‹የሰው ጉዳይ ምን አገባኝ›› እያልን፣ አንዳንዴም ‹‹ልጄንም ይውሰድልኝ›› እያልን ቡና አፍልተን አብረን እንጠጣለን። ልጁ የታገተበት አባት ገንዘቡን ሲያሰባስብ ግን እኛው ነን በዕቁብና በዕድር የምናዋጣው። ለአጋቹ የምናዋጣውን ያህል ድፍረት ደላላውን ለመጠቆም ብናዋጣ ኖሮ ግማሹ መንገድ በተዘጋ ነበር።

በመጨረሻ። መንግሥታት ሲተባበሩ ደስ ይለኛል። ሱዳን ላይ የተያዘ ወንጀለኛ፣ ዝዎለ ላይ የተሰየመ ችሎት ተራ ነገር አይደለም። ግን ኃያላኑ የሚተባበሩት የነሱ ቤት ስልክ ሲጮኽ መሆኑን አንርሳ። አውሮፓ የሰው አሻጋሪን የሚያሳድደው አንድም ለተጎጂው አዝኖ ነው፤ ሁለትም ስደተኛው በሩ ላይ እንዳይደርስ ነው። ይኼ የነሱ ሒሳብ ነው፤ አንፈርድባቸውም። የኛን ሒሳብ የሚሠራልን ግን የኛው መንግሥት መሆን ነበረበት። የኢሉባቦር እናት ስልክ የሚጮኽበትን ቤት የወንጀል ሥፍራ ለማለት የሆላንድ ፓስፖርት መያዝ አለባት ካልተባለ በቀር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ድሩ ግን መጀመሪያ የሚቋጠረው ከቤት ነው። ከቤት ያልተቋጠረ ድር ጄኔቭ ላይ ቢወጠር፣ ሮም ላይ ቢወጠር፣ ፓሌርሞ ላይ ቢወጠር አንበሳው ቀርቶ ዝንብም አይዝም። ጆሮ ያለው ይስማ!